የስድስተኛ ክፍል ደጅ

እ.ኤ.አ. በ2003 የመኸር ወራት፣ አንድ ምሽት፣ ከባለቤቴ ጋር ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቅ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ለአሥር ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበታችንን አጥፈን ተቀመጥን። ልጃችን አምስተኛ ክፍል ነበር። ወደዚህ አገር እንደመጣን ሁለተኛ ክፍል ገብቶ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛውን ከሰፈሩ ልጆች የማይለይ አድርጎ የሚናገር ሆኗል። በቤታችን ስልክ የሚያነሣው፣ በየሱቁ የሚያስተረጉምልን እርሱ ነበር። አስተማሪዋ ግን ሁለት ወረቀት ፊታችን ዘርግታ፣ ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ እንከን እንደሌለበት፣ ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲናገር ሲጠየቅ ግን እንደሚቸገር ነገረችን። ስለዚህም በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ከሆነ ልጆች ጋር ተቀምጦ ድጋፍ ቢያገኝ እንደሚበጀው አስረዳችን። እኔ የሰማሁት ሌላ ነገር ነበር። «ልጅህ ወድቋል» ያለችኝ መሰለኝ። ፈቃዴን በሚጠይቀው ወረቀት ላይ እንደማልፈልግ ምልክት አድርጌ፣ ፈርሜ መለስኩላት።

ስለዚያ ፊርማ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም፤ እርሱ ራሱ ያለፈበትን ትምህርት ቤት፣ የአባቱንም የአያቱንም ትምህርት ቤት ተሸክሞ ይሄዳል። እኔም ያን ምሽት ከአንዲት አሜሪካዊት መምህርት ጋር ሳይሆን ከስድስተኛ ክፍል ፈተና ጋር ስነጋገር ነበር። ለመሆኑ በአገራችን አንድ ቤተሰብ ልጁ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል በሚዘልቅባቸው ዓመታት ምን ሲጠብቅ ኖረ? ያ የመጠበቅ ልማድስ በስደት አገር ምን ያሳየናል፣ ምን ይሰውርብናል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመርመር ነው።

ነገሩን ከየኔታ ደጅ መጀመር ይገባል። በቀደመው የቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዓት ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ መልእክተ ዮሐንስን ወጥቶ፣ ወንጌሉን ተሻግሮ ዳዊት ይደግማል። ቁጥሩ፣ ግእዙ፣ ውርዱ፣ ቁሙ በየተራ ይመጣል። ወላጅ ልጁን ለየኔታ ሲያስረክብ «አጥንቱን ለእኔ፣ ሥጋውን ለእርስዎ» ይል እንደነበር ያልሰማ የለም። ዳዊት የደገመ ዕለት ግን በቤቱ ድግስ ይደገሳል፣ የኔታ ይመሰገናሉ፣ ጎረቤት ይጠራል። ለአብዛኛው ቤተሰብ ትምህርት ማለት እዚህ ላይ የሚፈጸም ነገር ነበር። ከዚያ ማዶ ያለው ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት ከዘመድ ተለይቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ ለሚማር የቆሎ ተማሪ የተተወ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። ዳዊት የደገመው ልጅ መቶ ሃምሳውን መዝሙር አሳምሮ ያነባል፤ ነገር ግን የሚያነበው በግእዝ ነውና በአብዛኛው የሚለውን አይረዳም። ይህ ከሥርዓቱ ቸልተኝነት የመጣ አይደለም፤ ሊቃውንቱ ንባብንና ትርጓሜን በተለያየ ቤት፣ በተለያየ ዕድሜ፣ በተለያየ መምህር የሚሰጡ ሁለት ትምህርቶች አድርገው ያዩአቸው ነበር። ንባብ የብዙዎች፣ ትርጓሜ የጥቂቶች ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደረገው መሻገሪያ ረጅምና አድካሚ መሆኑን አባቶቻችን አሳምረው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ይህ መሻገሪያ አልጠፋም፤ መልኩን ብቻ ለወጠ። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ ግብጻዊው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ የአውሮፓውያንን መምህራን ይቃወሙ ስለነበር፣ በስምምነት መምህራኑ ከግብፅ ከኮፕቶች ወገን እንዲመጡ ተደረገ። ከአማርኛና ከግእዝ ጎን ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣልያንኛና ዐረብኛ ይሰጥ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1917 ዓ.ም. ባስከፈቱት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛ የበላይነቱን ይዞ ነበር። መንግሥት ከውጭ ዓለም ጋር የሚነጋገርለት፣ ደብዳቤ የሚጽፍለት፣ ውል የሚመረምርለት ሰው ይፈልግ ነበርና ትምህርት ማለት በመጀመሪያ ደረጃ የባዕድ ቋንቋ ማወቅ ማለት ሆነ። በግእዝ ፋንታ ፈረንሳይኛ ተተካ እንጂ፣ ልጁ አሁንም በእናቱ ቋንቋ ባልሆነ መጽሐፍ ፊት ነበር የሚቀመጠው።

የፋሺስት ወረራ ይህን ጥቂት ጅምር በተነው። በአምስቱ ዓመት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላም የተማረው ወጣት ተለይቶ ታደነ። ከድል በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ትምህርትን የመንግሥታቸው ዐቢይ ጉዳይ አድርገው፣ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን እንኳ ለረጅም ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው ነበር። ነገር ግን መጽሐፉም፣ መምህሩም፣ የፈተናው ሥርዓትም በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ስለነበር ፈረንሳይኛ በእንግሊዝኛ ተተካ። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍሎች በአማርኛ ይማርና ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ታሪኩ የእንግሊዝ፣ ምሳሌው የለንደን፣ መምህሩ ብዙ ጊዜ ሕንዳዊ ነበር። የሚሻገረው ይሻገራል፤ የማይሻገረው ወደ እርሻው ወይም ወደ ገበያው ይመለሳል። የተመለሰውን «ለምን ተመለስህ?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም፤ ሲጀመር ትምህርት ቤት የገባው ጥቂት ነበርና።

በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች ስለ ትምህርት ለመምከር አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰቡ። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1980 የአፍሪካ ሕፃናት ሁሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኙ ግብ ጣለ። ነጻነቷን ጠብቃ በመኖሯ የምትኮራው አስተናጋጇ አገራችን በትምህርት ስርጭት ከጉባኤተኞቹ ከኋለኞቹ ተርታ መሆኗ የታየውም በዚያን ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ አጋማሽ የትምህርቱ እርከን ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ሆኖ ተደለደለ፤ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍልም ማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ሆነ። ቋንቋው የሚለወጥበት ደጅ ከአንደኛ ደረጃ መካከል ተነሥቶ ወደ ስድስተኛ ክፍል ማብቂያ ሄደ። አማርኛ አፍ መፍቻው ለሆነ ልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። አፍ መፍቻው ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ ወይም አፋርኛ ለሆነው ልጅ ግን አንድ ደጅ ገና በአንደኛ ክፍል፣ ሌላው በሰባተኛ ክፍል ይጠብቀው እንደነበር አለመናገር ታሪኩን ማጉደል ይሆናል።

እነዚህ ክፍሎች የአገር ጉዳይ ሆነው መንግሥት እስከ መነቅነቅ የደረሱበት ጊዜም ነበር። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀውና በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የሚባለው የትምህርት ጥናት፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ ብዙ የአገር ውስጥና የውጭ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ሥራ ነበር። ጥናቱ የተነሣበት ችግር እውነተኛ ነበር። በዚያን ጊዜ ለትምህርት ከደረሱት ሕፃናት ከአምስቱ አንዱ እንኳ ትምህርት ቤት አይገባም ነበር፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ የሚወጣው ወጣት ሥራ እያጣ ነበር። መፍትሔ ብሎ ካቀረባቸው አንዱ ባለው ገንዘብ ለብዙኃኑ ልጅ አራት ዓመት የሚፈጅ ዝቅተኛ ትምህርት አዳርሶ፣ ከዚያ በላይ ያለውን እርከን ለተመረጡ ጥቂቶች መወሰን ነበር።

ወሬው ሲሰማ ወላጁ የተረዳው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ አይማርም። መምህራኑም ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራቸው ሁኔታ የራሳቸው ሥጋት ነበራቸው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ መታ፤ በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ምክንያት መኪናቸውን አቆሙ። መንግሥት ጥናቱን ለማገድ ተገደደ። ወሩ ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ከሥልጣን ወረደ። ስለ የካቲት አብዮት ሲጻፍ የወታደሩ ጥያቄ፣ የወሎ ረኀብና የነዳጅ ዋጋ በሰፊው ይነሣል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ግን የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ጥያቄም እንደነበረበት መዘንጋት አይገባም። ፊደል ለመቁጠር አራት ዓመት ይበቃ እንደሆነ ወላጁ አልተከራከረም፤ የጠየቀው ልጁ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው ነው።

ደርግ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ብዛት ነበር። ትምህርት ቤቶች በየገጠሩ ተሠሩ፤ የተማሪው ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ክፍሉ አልበቃ ሲል በፈረቃ ማስተማር ተለመደ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በዓመቱ የዩኔስኮን ሽልማት አስገኘ። ነገር ግን የበላይ ክፍሎች መቀመጫ ከብዛቱ ጋር እኩል አላደገምና ማጣራት ግድ ሆነ። በስድስተኛ፣ በስምንተኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና ይሰጥ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሁላችንም «ሚኒስትሪ» እንላቸው ነበር።

እኔ የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የተፈተንኩት በ1970 ዓ.ም. ደሴ ላይ ነው። ዘመኑ ክፉ ነበርና ወላጆች ልጆቻቸው ሌላ ነገር ከሚያስቡ ይልቅ ፈተና ቢያስቡ ይመርጡ ነበር። ውጤቱ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆመው ጠበቁኝ። ትምህርት ቤቴ ገብተው አያውቁም ነበር፤ ያን ቀንም አልገቡም። የወላጅ ቦታ ከአጥሩ ውጭ ነበርና። ስሜን አግኝቼ ስወጣ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ስንተኛ ወጣህ?»

አለፍኩ። ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። እስከ ዛሬ ለማንም በግልጽ ያልተናገርኩትን እዚህ ላይ ልናገር። በስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ተረድቼ የተማርኩት የሳይንስ ትምህርት በሰባተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ መጣ። መምህራችን በእንግሊዝኛ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ እኛ እንገለብጣለን፣ በቃላችን እንይዛለን፣ በፈተና ላይ እንመልሳለን። ገጹን ከላይ እስከ ታች ሳልሳሳት መድገም እችል ነበር፤ ምን እንደሚል ግን ብዙውን ጊዜ አላውቅም ነበር። ከሰባ ያላነሱ ተማሪዎች በተቀመጡበት ክፍል አንድም ቀን ያነበብኩትን በራሴ ቃል እንድናገር የጠየቀኝ ስለሌለ ጎበዝ ተባልኩ። አያቴ በዳዊቱ የሆኑትን እኔ በባዮሎጂ መጽሐፍ ሆንኩ ማለት ነው።

የቀረው ታሪክ ለአንባቢ ቅርብ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ስምንት ዓመት አድርጎ በሁለት ከፈለው፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የመጀመሪያ፣ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ሁለተኛ ሳይክል ተባለ። የስድስተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀረ። እስከ አራተኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይዞ ይዘልቅና ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ለየትምህርቱ የተለያየ መምህር ይገባል። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀመሩ፤ እንግሊዝኛ ማስተማሪያ የሚሆንበት ክፍል ግን እንደየክልሉ ተለያየ። በአዲስ አበባ ከሰባተኛ፣ በቀድሞው የደቡብ ክልል ከአምስተኛ፣ በኦሮሚያና በትግራይ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሆነ። በቋንቋው ፖሊሲ ላይ በስደት ያለነው ብዙ ተከራክረናል፤ ያን ክርክር እዚህ አልደግመውም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ ፖሊሲ ደግሞ ወደ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት እርከን ተመለሰ፤ የስድስተኛ ክፍል ፈተናም በክልልና በከተማ አስተዳደር ደረጃ ተመልሶ መጣ። አገዛዝ በተለዋወጠ ቁጥር ደጁ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወር ኖረ፤ በእነዚህ መካከለኛ ዓመታት አንድ ደጅ መኖሩ ግን አልቀረም።

እንግዲህ እኔ ከዚያች ትንሽ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነበር። ትምህርት ቤት ሲጠራኝ የመጣልኝ የአባቴ አጥር ነው። ድጋፍ የሚለውን ቃል ስሰማ ከዝርዝሩ ላይ የጠፋ ስም ታየኝ። አስተማሪዋ ያቀረበችልን ነገር ግን የራሱ የሆነ ሌላ ታሪክ ነበረው፤ ይህንንም ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1974፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሳን ፍራንሲስኮ በመጣ አንድ ጉዳይ ላይ ፍርድ ሰጠ። በዚያች ከተማ ወደ 1,800 የሚጠጉ ቻይንኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ምንም የቋንቋ እርዳታ ሳያገኙ በእንግሊዝኛ ብቻ ይማሩ ነበር። የከተማው ትምህርት ቤቶች ክርክር ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት መምህር ሰጥተናል የሚል ነበር። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ይህ እኩልነት አይደለም አሉ፤ ልጁ በማይገባው ቋንቋ ማስቀመጥ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውን የሲቪል መብት ሕግ ይጥሳል ሲሉ ፈረዱ። ላው በኒኮልስ ላይ ተብሎ የሚታወቀው ፍርድ ይህ ነው። የእኛ መምህራንና ወላጆች ልጃችን በአራተኛ ክፍል አይቅርብን ብለው አደባባይ ከመውጣታቸው አንድ ወር እንኳ አይቀድምም። እኔ በንቀት የመለስኩት ወረቀት የቻይና ስደተኞች ልጆች በፍርድ ቤት ተከራክረው ያስገኙት መብት ነበር።

አስተማሪዋ ያየችውም ነገር ስም ያለው ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጂን ቾል፣ እርሳቸውም በልጅነታቸው ከፖላንድ ወደ ኒውዮርክ የመጡ ስደተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት የልጅን የንባብ ዕድገት በደረጃ ከፋፍለው አሳይተዋል። እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ልጅ ማንበብን ይማራል፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ግን በማንበብ ይማራል። እስከዚያ ድረስ በመጽሐፉ ያለው ቃል ልጁ በአፉ የሚያውቀው ነው፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ልጁ በቤቱም በመንገዱም ሰምቶት የማያውቀውን ቃልና ሐሳብ ያመጣል። ቾልና ባልደረቦቻቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች ልጆች ተከታትለው፣ እስከ ሦስተኛ ክፍል ከእኩዮቻቸው ጋር አብረው ሄደው ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ወደ ኋላ መቅረት እንደሚጀምሩ አገኙ። በካናዳ ያስተማሩት ጂም ከሚንስ ደግሞ ስደተኛ ልጅ የመጫወቻውንና የመግባቢያውን ቋንቋ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ሲይዝ፣ የመጽሐፉንና የትምህርቱን ቋንቋ ለመያዝ ግን አምስት፣ እስከ ሰባትም ዓመት እንደሚፈጅበት ጽፈዋል። ልጄ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነበር።

አያቴ ይህን ቢሰሙ የሚገረሙ አይመስለኝም። ንባብ ቤት ሌላ፣ ትርጓሜ ቤት ሌላ መሆኑን ያውቁ ነበርና። በዚህ አገር ያለው ልዩነት፣ በቀደመው ዘመን ለጥቂቶች የተተወው ትርጓሜ እዚህ ከዘጠኝና ከአሥር ዓመት ልጅ ሁሉ የሚጠበቅ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ልጁ አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል የገባለት ወላጅ ምን ይጠብቅ? አንደኛ፣ ልጁ የሚያመጣው መጽሐፍ በድንገት ይከብዳል፤ ሥዕሉ ያንሳል፣ ጽሑፉ ይረዝማል። አንብቦ ያገኘውን እንዲያብራራ፣ ለመልሱም ከጽሑፉ ማስረጃ እንዲጠቅስ ይጠየቃል። በሒሳብ ክፍልፋይና ዐሥርዮሽ ዋናውን ቦታ ይይዛሉ፤ የመልሱን ያህል የመልሱ መንገድ ይፈለጋል። እኛ በተማርንበት ዘዴ ብቻ አሠርተን መልሱ ልክ ከሆነ በቃ ማለት አይበቃውም። ሁለተኛ፣ ፈተና አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ የተፈረመው ሕግ ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በየዓመቱ የንባብና የሒሳብ ፈተና እንዲሰጥ አዘዘ፤ በ2015 መጨረሻ የተተካው ሕግም ይህን አላስቀረውም። ይህ ፈተና ግን ሚኒስትሪ አይደለም። የፌዴራሉ ሕግ በዚህ ፈተና ምክንያት ልጅን ከክፍል አያስቀርም፤ ስለ ማለፍና ስለ መቅረት የሚወስኑት ክፍላተ ግዛቱና የትምህርት ወረዳዎቹ ናቸው። ሦስተኛ፣ በብዙ ወረዳዎች አንደኛ ደረጃ በአምስተኛ ክፍል ያበቃና በስድስተኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ይጀመራል። ያን ጊዜ ልጁን ሙሉ ቀን የሚያውቀው አንድ መምህር ይቀራል፤ በየሰዓቱ የሚለዋወጡ አምስት ስድስት መምህራን ይተካሉ። ችግሩን ቶሎ የሚያይለት ሰው የሚገኘው ከዚያ በፊት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እዚህ የወላጅ ቦታ ከአጥሩ ውጭ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ሲጠራ ልጁ አጠፋ ማለት አይደለም። እንግሊዝኛ የማይበቃው ወላጅ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው፤ ልጁን ማስተርጎም አያስፈልገውም። ልጅ ስለ ራሱ ድክመት የተነገረውን ለአባቱ እንዴት አድርጎ እንደሚያስተረጉም የማያውቅ ካለ፣ እኔ አውቃለሁ።

ልጄ በስድስተኛ ክፍል ሒሳቡን ይዞ፣ በታሪክና በሳይንስ ወደቀ። እኔ መጀመሪያ ስንፍና ነው አልኩ፤ ቀጥሎ ጓደኞቹ ናቸው አልኩ። ቴሌቪዥን ከለከልኩ፣ ተቆጣሁ። በዓመቱ መጨረሻ እናቱ ብቻዋን ትምህርት ቤቱ ሄዳ ያን ወረቀት ጠይቃ ፈረመች። ከጓደኞቹ ጋር እስኪስተካከል ሁለት ዓመት ፈጀ። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ አንድ ቀን ስለዚያ ጊዜ አንሥተን ስንጨዋወት፣ «አባዬ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸው ነበር፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የማላውቃቸው» አለኝ። ሰባተኛ ክፍል ደሴ ላይ ይህን ዐረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ማን ይሰማኝ ነበር? እርሱን የሚሰማው ሰው ተገኝቶ ነበር፤ በመካከል የቆምኩት እኔ ነኝ።

አባቴን አልወቅስም። ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያወቁት ነገር እውነት ነበር፤ በእርሳቸው ዘመን ስምህ ከግድግዳው ላይ ከሌለ የለህም። ነገር ግን ያን ጥያቄ ወርሼ ውቅያኖስ ማሻገሬ ስሕተት ነበር። በዚህ አገር የሪፖርት ካርድ ላይ «ስንተኛ ወጣህ?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ አይገኝም፤ ደረጃ አይጻፍምና። አሁን ወጣት ወላጆች ልጃቸው አራተኛ ክፍል መግባቱን ሲነግሩኝ ማታ ማታ ሌላ ጥያቄ እንዲጠይቁት እመክራለሁ፤ ዛሬ ምን አነበብህ? ንገረኝ። በአማርኛ ንገረኝ። ልጁ ያነበበውን በእናቱ ቋንቋ ማስረዳት ከቻለ ገብቶታል ማለት ነው። ካቃተውም ሳይረፍድ ታውቆለታል፤ በማግስቱ ወደ መምህሩ ሄዶ በዚያች ትንሽ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው።